የጥርስ ተከላ ሕክምና፦ ከብሎኑ በፊት አጥንቱ

ጥርስ ምግብን አላምጦ ለጨጓራ ከማቀበል ባሻገር ለንግግር ጥራትና ለፊት ገጽታ ያለው ድርሻ ከፍተኛ መሆኑ ይታወቃል። ይሁን እንጂ ብዙ ሰዎች አንድ ጥርስ ሲጎድልባቸው፣ በተለይም ጉድለቱ ሲስቁ በማይታይ የኋለኛው የአፍ ክፍል ከሆነ፣ ነገሩን በቸልታ ያልፉታል። ሕመሙ ጠፍቷል፤ ቁስሉም ደርቋል፤ ቆሎውንም ቢሆን በሌላኛው ጎን መቆርጠም ይቻላል።

ችግሩ የሚጀምረው ግን ሕመሙ ካቆመ በኋላ ነው። ከተነቀለው ጥርስ ግራና ቀኝ ያሉት ጥርሶች ቀስ በቀስ ወደ ክፍተቱ ያዘነብላሉ። ከበላዩ ወይም ከበታቹ ይገጥመው የነበረው ጥርስም የሚያርፍበት ስለሚያጣ ከቦታው እየወጣ ይሄዳል። ከሁሉ በላይ ደግሞ የተነቀለውን ጥርስ ሥር ይዞ የነበረው አጥንት ሥራ ፈት ይሆናል። ይህ የመንጋጋ ክፍል የተፈጠረው የጥርስን ሥር ለመሸከም በመሆኑ ሸክሙ ሲነሳለት ሰውነት መልሶ ያፈርሰዋል። በርካታ ጥናቶችን ያጠቃለለ ምርምር እንዳመለከተው ጥርስ ከተነቀለ በኋላ ባሉት ስድስት ወራት ውስጥ ብቻ የአጥንቱ ወርድ ከ29 እስከ 63 በመቶ ሊቀንስ ይችላል።

ይህ አኃዝ በተለምዶ ኢምፕላንት ለሚባለው የጥርስ ተከላ ሕክምና ወሳኝ ትርጉም አለው። ተከላው የሚቆመው በድድ ላይ ሳይሆን በዚሁ እየሳሳ በሚሄደው አጥንት ውስጥ ነውና። ከዓመታት በኋላ ገንዘብ አጠራቅሞ ወደ ክሊኒክ የሚሄድ ታካሚ "ለመትከል በቂ አጥንት የለም" የሚል መልስ የሚያገኝበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚያሳየው ዕድሜያቸው 20 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆናቸው ሰዎች መካከል 7 በመቶ የሚጠጉት ጥርሳቸውን ሙሉ በሙሉ አጥተዋል። ዕድሜያቸው 60 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆኑት ዘንድ ደግሞ መጠኑ ወደ 23 በመቶ ከፍ ይላል። አንድ ወይም ጥቂት ጥርሶች ብቻ የጎደሏቸው ሰዎች በእነዚህ አኃዞች ውስጥ አልተካተቱም።

ተከላ ምንድን ነው?

የጥርስ ተከላ አንዳንድ ጊዜ ከንቅለ ተከላ ጋር ሲምታታ ይስተዋላል። ንቅለ ተከላ ሕይወት ያለውን የአካል ክፍል ከአንድ ቦታ ወይም ከአንድ ሰው ወስዶ በሌላው ላይ የመትከል ሕክምና ነው። በጥርስ ተከላ ግን ወደ መንጋጋ የሚገባው ከብረት፣ አብዛኛውን ጊዜም ከቲታኒየም፣ የተሠራ አነስተኛ ብሎን ነው። ከዚርኮኒያ የሚሠሩ ነጭ ተከላዎችም አሉ።

የተሟላ ተከላ ሦስት ክፍሎች አሉት። የመጀመሪያው የጥርሱን ሥር የሚተካውና በአጥንት ውስጥ የሚቀበረው ብሎን ሲሆን፣ ውፍረቱ ከ3 እስከ 6 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱም በአብዛኛው ከ8 እስከ 13 ሚሊ ሜትር ነው። ሁለተኛው ድዱን አልፎ የሚወጣው አገናኝ ነው። ሦስተኛው ደግሞ ለዓይን የሚታየውና ክራውን እየተባለ የሚጠራው የጥርስ ቆብ ነው። ታካሚው በመስታወት የሚያየው ይህንኑ የመጨረሻውን ክፍል በመሆኑ ስለ መልኩና ስለ ቀለሙ ብዙ ሲጠይቅ፣ ስለ መጀመሪያው ክፍል ግን እምብዛም አይጠይቅም።

ከተፈጥሮ ጥርስ ጋር ያለውን ዋነኛ ልዩነት ማወቅም ተገቢ ነው። የተፈጥሮ ጥርስ ከአጥንት ጋር በቀጥታ አልተጣበቀም፤ በሥሩ ዙሪያ ባለ ስስ ጅማት የተንጠለጠለ ነው። ይህ ጅማት ጥርሱ ሲነክስ በጥቂቱ እንዲሰጥ ከማድረጉም በላይ የንክሻውን ኃይል ለአንጎል የሚነግሩ ነርቮችን ይዟል። በእንጀራ ውስጥ የተገኘች ትንሽ ጠጠር ወዲያውኑ የምትታወቀው በዚህ ምክንያት ነው። ተከላ ግን ጅማት የለውም። ጭነቱን በቀጥታ ለአጥንቱ ያስተላልፋል፤ የመስማት አቅሙም ከተፈጥሮው ያነሰ ነው። በመሆኑም በእንቅልፍ ልባቸው ጥርሳቸውን የሚያፋጩ ሰዎች ሳያውቁት ቆቡን ሊሰብሩት ወይም ብሎኑን ከመጠን በላይ ሊያስጨንቁት ይችላሉ።

ከጥንቸል እግር የተነሳው ግኝት

የጎደለን ጥርስ በባዕድ ነገር የመተካት ሙከራ እጅግ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ በ1931 በሆንዱራስ በተካሄደ ቁፋሮ ከማያ ሥልጣኔ ዘመን የሆነ የታችኛው መንጋጋ ስባሪ የተገኘ ሲሆን፣ በሦስት የፊት ጥርሶች ቦታ ከዛጎል የተቀረጹ የጥርስ ቅርጾች ገብተውበት ነበር። ከዚያ በኋላ ባሉት ዘመናት ወርቅን ጨምሮ በርካታ ቁሳቁሶች ተሞክረዋል። የአብዛኞቹ መጨረሻ ግን ተመሳሳይ ነበር። ሰውነት ባዕዱን ነገር በስስ ሥጋ ሸፍኖ ከአጥንቱ ይለየዋል፤ ተከላውም ውሎ አድሮ እየተነቃነቀ ይወድቃል።

ይህን ታሪክ የለወጠው የጥርስ ሐኪም አልነበረም። ስዊድናዊው የሕክምና ዶክተርና ተመራማሪ ፔር ኢንግቫር ብሮነማርክ እ.ኤ.አ በ1952 በሉንድ ዩኒቨርሲቲ ያጠኑ የነበረው በአጥንት ውስጥ ያለውን የደም ዝውውር ነበር። ለዚህም በቲታኒየም የተሠራ አነስተኛ የመመልከቻ መሣሪያ በጥንቸሎች የእግር አጥንት ውስጥ ያስገቡ ነበር። ሙከራው ሲጠናቀቅ መሣሪያውን ለሌላ ጊዜ ለመጠቀም ሊያወጡት ቢሞክሩ እምቢ አላቸው። አጥንቱ ብረቱን እንደ ራሱ አካል ቆጥሮ አጥብቆ ይዞት ነበር።

ለሌላው ተመራማሪ የተበላሸ መሣሪያ ብቻ ሆኖ ሊቀር ይችል የነበረው ይህ አጋጣሚ የብሮነማርክን የምርምር አቅጣጫ ቀየረው። ወደ ጎተንበርግ ከተዛወሩ በኋላ ከዓመታት የእንስሳት ሙከራ በመነሳት እ.ኤ.አ በ1965 የመጀመሪያውን ሰው አከሙ። ታካሚው ከመንጋጋ ጉድለት ጋር የተወለደና በታችኛው መንጋጋው ጥርስ ያልነበረው ሰው ሲሆን፣ የተተከሉለት የቲታኒየም ብሎኖች እስከ ዕለተ ሞቱ ከ40 ዓመታት በላይ አገልግለውታል።

ግኝቱ በቀላሉ ተቀባይነት አላገኘም። ብረትና አጥንት ያለ ምንም አገናኝ ሥጋ ሊዋሃዱ አይችሉም የሚለው አመለካከት በዘመኑ የተለመደ በመሆኑ ጎተንበርጎች ለዓመታት በጥርጣሬ ሲታዩ ቆይተዋል። ሁኔታው የተለወጠው እ.ኤ.አ በ1982 በካናዳ ቶሮንቶ በተካሄደው ጉባኤ ነው። ለረጅም ጊዜ የተሰበሰበው የታካሚዎች መረጃ ለሰሜን አሜሪካ ባለሙያዎች ከቀረበ በኋላ ሕክምናው በመላው ዓለም መስፋፋት ጀመረ። ብሮነማርክ እ.ኤ.አ በ2011 የአውሮፓ የፈጠራ ሽልማት የዕድሜ ልክ ተሸላሚ የሆኑ ሲሆን፣ ሕይወታቸው ያለፈው እ.ኤ.አ በ2014 ነው።

ቲታኒየም ተመራጭ የሆነበት ምክንያት ከላዩ ላይ ካለው ሽፋን ጋር የተያያዘ ነው። ብረቱ አየር ሲነካው በናኖ ሜትር የሚለካ እጅግ ስስ የኦክሳይድ ሽፋን ወዲያውኑ ይፈጥራል። ሽፋኑ ብረቱን ከመዛግ ይጠብቀዋል፤ የአጥንት ሕዋሳትም ያለ ሥጋት ተጠግተው ያድጉበታል። ቲታኒየም በማግኔት የማይሳብ በመሆኑም ተከላ ያላቸው ሰዎች በአጠቃላይ የኤም.አር.አይ ምርመራ ለማድረግ አይከለከሉም፤ በተከላው አካባቢ ያለው ምስል ግን ሊደበዝዝ ይችላል።

ከ47 ዲግሪ በታች

ተከላው የሚካሄደው በአብዛኛው አካባቢውን ብቻ በሚያደነዝዝ መርፌ ነው። ሐኪሙ ድዱን ከፍቶ አጥንቱን ካገኘ በኋላ በቀጭን መሰርሰሪያ ይጀምርና ደረጃ በደረጃ ወደ ወፍራሙ በመሸጋገር ለብሎኑ ልክ የሆነ ቀዳዳ ያዘጋጃል። ብዙ ታካሚዎች ሒደቱ ጥርስ ከመንቀል ያነሰ ሕመም እንዳለው ሲያውቁ ይገረማሉ። በቀጣዮቹ ጥቂት ቀናት እብጠትና መጠነኛ ሕመም ግን የሚጠበቅ ነው።

በዚህ ቀላል በሚመስል ሥራ ውስጥ ትልቁ ጠላት ሙቀት ነው። እ.ኤ.አ በ1983 የታተመ የስዊድን ተመራማሪዎች ጥናት አጥንት ለአንድ ደቂቃ ያህል 47 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ካገኘው ጉዳት እንደሚደርስበት አረጋግጧል። ይህም ለገላ መታጠቢያ ከሚሆን ውኃ እምብዛም የማይበልጥ ሙቀት ነው። የደነዘ ወይም በፍጥነት የሚሽከረከር መሰርሰሪያ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ከዚህ በላይ ሊያሞቅ ይችላል። የተቃጠለ አጥንት ደግሞ ብሎኑን አይዝም። መሰርሰሪያው በሚሠራበት ጊዜ ሁሉ ቀዝቃዛ ጨው ያለው ንጹሕ ፈሳሽ የሚፈስሰውና ሐኪሙ እየደጋገመ የሚያርፈው በዚህ የተነሳ ነው። ሳይቸኩሉ መሥራት እዚህ ላይ የጠባይ ጉዳይ ሳይሆን የሕክምናው አካል ነው።

ብሎኑ ከገባ በኋላ ያለው ጊዜ ደግሞ የታካሚውን ትዕግሥት ይፈትናል። በብሮነማርክ የመጀመሪያ አሠራር ለታችኛው መንጋጋ ሦስት ወራት፣ አጥንቱ ለስለስ ላለው ለላይኛው ደግሞ ስድስት ወራት ይጠበቅ ነበር። የብሎኖቹ ገጽ አሠራር እየተሻሻለ በመምጣቱ ዛሬ ጊዜው በብዙ ታካሚዎች ላይ ከስድስት ሳምንት እስከ አራት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ሆኗል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚታየው ነገር ግን ከተለመደው ግምት ይለያል። ብሎኑ እንደገባ አጥብቆ የሚይዘው ነባሩ አጥንት ነው። ሰውነት ይህን የተጎዳ አጥንት እያነሳ በአዲስ ሲተካ፣ በተለይ በሦስተኛውና በአራተኛው ሳምንት አካባቢ፣ ብሎኑ ከመጀመሪያው ቀን የላላ ይሆናል። ሕመሙ ጠፍቶ ታካሚው የዳነ የሚመስለው ልክ በዚሁ ጊዜ ነው። ሐኪሙ "በዚያ ጎን ጠንካራ ነገር አትንከስ" ሲል የሚሰጠው ትእዛዝ ለጥንቃቄ ያህል የተባለ አይደለም።

"በአንድ ቀን አዲስ ጥርስ" የሚሉ ማስታወቂያዎች በዚህ መነጽር ሊታዩ ይገባል። አጥንቱ በቂና ጠንካራ ሲሆን ጥርስ በተነቀለበት ዕለት መትከልም ሆነ ጊዜያዊ ቆብ መግጠም የሚቻልበት ሁኔታ አለ። ሆኖም ያ ቆብ ጊዜያዊ ነው፤ የአጥንቱም ሥራ ከመቀጠል አያመልጥም። አሠራሩ ለማን እንደሚሆን የሚወስነው የታካሚው ጥድፊያ ሳይሆን የአጥንቱ ሁኔታ ነው።

ነርቭና ሳይነስ

ከመትከል በፊት የሚነሳው ራጅ የሚጠቅመው የአጥንቱን መጠን ለመለካት ብቻ አይደለም። በታችኛው መንጋጋ ውስጥ ለከንፈርና ለአገጭ ስሜት የሚሰጥ ነርቭ ያልፋል። ባለሙያዎች በብሎኑ ጫፍና በነርቩ መካከል ቢያንስ የ2 ሚሊ ሜትር ርቀት እንዲኖር ይመክራሉ። ነርቩ ከተነካ የታችኛው ከንፈር ለወራት፣ አንዳንዴም ለዘለቄታው፣ ሊደነዝዝ ይችላል። በላይኛው መንጋጋ ደግሞ ከኋለኞቹ ጥርሶች በላይ ሳይነስ የሚባለው አየር የያዘ ክፍት ቦታ አለ። ጥርስ ከተነቀለ በኋላ ይህ ቦታ ወደ ታች እየሰፋ ስለሚመጣ የአጥንቱ ቁመት ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ሊቀር ይችላል።

አጥንቱ ባነሰ ጊዜ ከታካሚው ከራሱ፣ ከእንስሳት ወይም ከሰው ሠራሽ ምንጭ በተገኘ የአጥንት ማሟያ ቦታውን መሙላትና የሳይነሱን ወለል ከፍ ማድረግ ይቻላል። ይህ ግን በሕክምናው ላይ በርካታ ወራትና ተጨማሪ ወጪ ይጨምራል። አስቸጋሪ በሆኑ ሁኔታዎች ባለ ሦስት ገጽታ የራጅ ምስል የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው፤ ተራው ራጅ ቁመትን እንጂ ወርድን አያሳይምና።

ለማን ይሆናል? ለማንስ አይሆንም?

ዕድሜ መግፋት በራሱ ከተከላ አያግድም። በሰባና በሰማንያ ዓመታቸው ተተክሎላቸው በሚገባ የሚገለገሉ አረጋውያን ብዙ ናቸው። የሚያግደው ወይም የሚያዘገየው ሌላ ነው። በቁጥጥር ሥር ያልዋለ የስኳር በሽታ ቁስል እንዳይድን ያደርጋል። ሲጋራ የሚያጨሱ ሰዎች ተከላቸው የመክሸፍ ዕድሉ ከማያጨሱት እጥፍ ያህል መሆኑን ጥናቶች ያመለክታሉ። በራስና በአንገት ካንሰር ምክንያት መንጋጋቸው የጨረር ሕክምና ያገኘ፣ እንዲሁም ለአጥንት መሳሳት ወይም ወደ አጥንት ለተሠራጨ ካንሰር የሚሰጡ አንዳንድ መድኃኒቶችን የሚወስዱ ሰዎች ለጥርስ ሐኪማቸው አስቀድመው ሊናገሩ ይገባል። ለአጥንት የሚሰጥ መርፌ ከጥርስ ጋር ምን አገናኘው በሚል ሳይነገር የሚቀርበት ጊዜ አለ።

ዕድገታቸውን ያልጨረሱ ልጆችም ተከላ አይደረግላቸውም። መንጋጋቸው ሲያድግ የተፈጥሮ ጥርሶቻቸው አብረው ሲወርዱ ብሎኑ ግን በተተከለበት ስለሚቀር፣ ከዓመታት በኋላ የተተከለው ጥርስ ከጎረቤቶቹ አጥሮና ወደ ውስጥ ገብቶ ይታያል። በዚህ የተነሳ ብዙውን ጊዜ እስከ አሥራዎቹ ዕድሜ መጨረሻ ወይም እስከ ሃያዎቹ መጀመሪያ መጠበቅ ግድ ይላል። ጉዳዩ ለኢትዮጵያ ባዕድ አይደለም። በአንዳንድ አካባቢዎች የሕፃናት ተቅማጥና ትኩሳት ከጥርስ የመጣ ነው በሚል እምነት ገና ያልወጣውን የጥርስ እንቡጥ ከድድ ቆርጦ የማውጣት፣ ማለትም ግግ የማስወጣት፣ ጎጂ ልማድ አለ። ሕፃኑን ለደም መፍሰስና ለኢንፌክሽን ከማጋለጡም በላይ ከሥር ያለውን የቋሚ ክራንቻ እንቡጥ ሊጎዳው ይችላል። እንዲህ ያለ ጉዳት የደረሰበት ልጅ ክራንቻው ጭራሽ ላይወጣ ወይም ቅርጹ ተበላሽቶ ሊወጣ ይችላል። ይህ ልጅ ለተከላ ብቁ እስኪሆን ድረስ በጊዜያዊ ተነቃይ ጥርስ መቆየት ይኖርበታል።

ከስምጥ ሸለቆ አካባቢ የሚመጡ ታካሚዎች ጉዳይ ደግሞ ሌላ ነው። በአካባቢው በርካታ የከርሰ ምድር ውኃዎች ያለው የፍሎራይድ መጠን የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው የ1.5 ሚሊ ግራም በሊትር ወሰን ስለሚበልጥ በልጅነታቸው ይህን ውኃ የጠጡ ሰዎች ጥርሳቸው ቡናማ ይሆናል፤ ይቦረቡራልም። መልኩ የሚያሳፍራቸው ወጣቶች ጥርሳቸውን ነቅለው አዲስ ማስተከልን ሲመኙ ይስተዋላል። የጥርሱ ሥርና የያዘው ጅማት ግን አብዛኛውን ጊዜ ጤነኛ ነው። ላዩን በመሸፈን ሊስተካከል የሚችልን ጥርስ ነቅሎ በብሎን መተካት የማይመለስ ኪሳራ ነው።

ይህ አስተያየት ለሌሎችም ይሠራል። ሥሩ ታክሞ ሊተርፍ የሚችል ጥርስ ከተከላ ይልቅ ቅድሚያ ሊሰጠው ይገባል። በአራት ብሎኖች ላይ ሙሉ የመንጋጋ ጥርስ የሚገጥመው አሠራር ጥርስ ለሌላቸው ወይም የቀራቸው ሁሉ ለማይድንባቸው ሰዎች ትልቅ እፎይታ ሆኗል። በመንጋጋው ላይ ስድስት ወይም ሰባት ጤነኛ ጥርሶች ያሉት ሰው እነዚያን አስነቅሎ "ሙሉውን ይተከልልህ" ሲባል ግን የሌላ ሐኪም አስተያየት ሳይጠይቅ መስማማት የለበትም።

ጥርሱን ያሳጣው በሽታ

በአግባቡ የተሠሩ ተከላዎች ከአሥር ዓመት በኋላ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት በቦታቸው እንደሚገኙ ጥናቶች ያሳያሉ። አኃዙ የሚያስደስት ቢሆንም በቦታው መገኘትና ጤነኛ መሆን ግን የተለያዩ ናቸው።

ብረት በትል አይበላም። በዙሪያው ያለው ድድና አጥንት ግን ይታመማል። በጥርስ ላይ የሚከማቸው የባክቴሪያ ንጣፍ በተከላም ላይ ይከማቻል። መጀመሪያ ድዱ ይቀላል፤ ሲነካም ይደማል። በዚህ ደረጃ ከተደረሰበት ይድናል። ቸል ሲባል ደግሞ ወደ አጥንቱ ይዘልቃል። እ.ኤ.አ በ2015 የወጣ የጥናቶች ማጠቃለያ ይህ አጥንት የሚያሳጣው ደረጃ ከአምስት ተከላ ካላቸው ሰዎች በአንዱ ላይ እንደሚታይ ገምቷል። ሕክምናው አስቸጋሪ ነው፤ ብዙውን ጊዜም ሕመም ስለሌለው ታካሚው የሚነቃው ዘግይቶ ነው።

ከሁሉ የበለጠ ለዚህ የተጋለጡት ቀደም ሲል ጥርሳቸውን በድድ በሽታ ያጡ ሰዎች ናቸው። ባክቴሪያው በቀሩት ጥርሶች ዙሪያ አለ፤ የአፍ አያያዙም ያው ነው። በመሆኑም የድዱ ሕመም ሳይታከም፣ የጥርሱ ድንጋይ ሳይጠረግ ወዲያውኑ ለመትከል የሚቸኩል ክሊኒክ ለታካሚው ውለታ እየዋለለት አይደለም። ጥርሱን ያሳጣው በሽታ አዲሱንም እየጠበቀው ነው። ከተከላ በኋላ በቀን ሁለት ጊዜ መቦረሽ፣ በቆቡ ሥር ያለውን ክፍተት በጥርስ ክር ወይም ለዚሁ በተሠራ ቀጭን ብሩሽ ማጽዳት፣ በየስድስት ወሩ ወይም ሐኪሙ በወሰነው ጊዜ መታየት ያስፈልጋል። በሀገራችን የተለመደው መፋቂያ የጥርሱን ፊት በሚገባ ቢያጸዳም በቆቡና በድዱ መካከል ወዳለው ጠባብ ቦታ አይደርስም።

ሌሎቹ አማራጮች

ጎደሎን ለመሙላት ተከላ ብቸኛው መንገድ አይደለም። በግራና በቀኝ ያሉት ጥርሶች ቀድሞውኑ የተጎዱና ቆብ የሚያስፈልጋቸው ከሆነ ሦስቱን የሚያያይዝ ድልድይ ተገቢ ሊሆን ይችላል። ጎረቤቶቹ ጤነኞች ከሆኑ ግን ለድልድይ ሲባል መሞረዳቸው ያሳዝናል። በተለምዶ ዴንቸር የሚባለው ተነቃይ ጥርስ ርካሽ ነው፤ የአጥንቱን መሳሳት ግን አያቆምም።

ሙሉ ጥርሳቸውን ላጡ አረጋውያን መካከለኛ መንገድ መኖሩ ብዙ አይነገርም። የላይኛው ዴንቸር ሰፊውን ላንቃ ይዞ ስለሚጣበቅ ብዙም አያስቸግርም። የታችኛው ግን ምላስ እያነሳው፣ አጥንቱም እየሳሳ ሲሄድ በአፍ ውስጥ ይዋዥቃል። ባለቤቱ ቁርጥ ሲያምረው የሚበላው ክትፎ ነው። እ.ኤ.አ በ2002 በካናዳ ማክጊል ዩኒቨርሲቲ የተሰበሰቡ ባለሙያዎች ጥርስ ለሌለው የታችኛው መንጋጋ በሁለት ብሎኖች ላይ የሚያርፍ ተነቃይ ጥርስ የመጀመሪያ ምርጫ ሊሆን እንደሚገባ አስታውቀዋል። ሁለቱ ብሎኖች የሚተከሉት አጥንት በደህና ሁኔታ በሚቆይበትና ከዋናው ነርቭ ራቅ ባለው በአገጭ አካባቢ ነው። ጥርሱ እንደ ልብስ ቁልፍ ጠቅ ብሎ ይገጥምባቸዋል፤ ለማጽዳትም ይነሳል።

ወጪና ማስረጃ

በኢትዮጵያ የተከላ አገልግሎት በዋናነት በአዲስ አበባ በሚገኙ የግል ክሊኒኮች ይሰጣል። ብሎኖቹና አብዛኞቹ መገጣጠሚያዎች ከውጭ የሚገቡ በመሆናቸው ዋጋው ከብዙኃኑ አቅም በላይ ነው። እ.ኤ.አ በ2011 በሙከራ ደረጃ የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ሰው ሠራሽ ጥርስን ከሚሸፍናቸው አገልግሎቶች ውጪ አድርጎ ነው ሥራ የጀመረው። በውጭ ያሉ ኢትዮጵያውያንም ቢሆኑ ጉዳዩ ቀላል አይሆንላቸውም። በአሜሪካ የአንድ ተከላ ሙሉ ዋጋ በአብዛኛው ከ3 ሺህ እስከ 5 ሺህ ዶላር የሚደርስ ሲሆን፣ ሜዲኬር የተባለው የአረጋውያን የጤና መድን በመደበኛው ሽፋኑ ጥርስ መተካትን አያካትትም። በጀርመን የሕዝብ መድን ድርጅቶች ለሰው ሠራሽ ጥርስ የተወሰነ ድጎማ ቢሰጡም ብሎኑን በአብዛኛው አይከፍሉም። ስለሆነም ለእረፍት ወደ አገር ቤት ሲመጡ ወይም ዋጋው ወደሚቀንስበት ሌላ አገር ሄደው ማስተከል የሚመርጡ አሉ።

የሁለትና የሦስት ሳምንት እረፍት ብሎን ለማስገባት ይበቃል፤ አጥንቱ እስኪይዘው ድረስ ግን አይበቃም። በመሆኑም ቆቡ በሌላ ጉዞ ወይም በሌላ አገር በሌላ ሐኪም ይገጠማል። ችግር የሚፈጠረውም እዚህ ላይ ነው። በዓለም ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ የተከላ ዓይነቶች ሲኖሩ የአንዱ አገናኝና መፍቻ በሌላው ላይ ላይገጥም ይችላል። ከዓመታት በኋላ የላላን ቆብ ለማጥበቅ የሄደ ሰው ሐኪሙ የተተከለውን ዓይነት ለይቶ ባለማወቁ ብቻ ቀላሉ ሥራ ከባድ ሊሆንበት ይችላል።

ታካሚው ተከላው እንደተጠናቀቀ የአምራቹን ስም፣ የብሎኑን ዓይነት፣ ውፍረትና ርዝመት፣ የምርት መለያ ቁጥሩን እንዲሁም የተተከለበትን ቀን የያዘ ካርድ ከመጨረሻው የራጅ ምስል ጋር ከክሊኒኩ ሊጠይቅ ይገባል። ብዙ አምራቾች እነዚህን መረጃዎች የያዘ የሚላጥ ወረቀት ከብሎኑ ማሸጊያ ጋር አብረው ይልካሉ። አንዱ በሐኪሙ መዝገብ ላይ ይለጠፋል፤ ሌላው የታካሚው ነው።